ገመዱ ይጮኻል ወይ?

አናጢው የድርቆሽ መጭመቂያውን ከአሮጌ ሳንቃ ሠርቶ ሲጨርስ ሰፈርተኛው ለሹፈት «ኢንጂነሩ» አለው፤ እሱ ግን የምሩን ወሰደው። አሠራሩ ቀላል ነው። ድርቆሹ ሳጥኑ ውስጥ ይሞላል። ክዳኑ ላይ የታሰረው ገመድ ከሥር ባለው ግንድ ላይ ይጠመጠማል። ግንዱን በረጅም ዘንግ ሲያዞሩት ክዳኑ እየወረደ ድርቆሹን ይጨምቀዋል። የምታዞረው ታዲያ ሚስቱ ነበረች።

«ገመዱ ሳስቷል፣ ቀይረው» እያለች ብትለምነው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

«አንቺ ፈዛዛ! ከገመዱ በፊት አንቺ ትበጠሺያለሽ» ብሎ ሣቀባት።

የተበጠሰው ግን ገመዱ ነው። ዘንጉ ተፈናጥሮ ተመለሰና የጎን አጥንቷን አደቀቀው።

አልጋ ላይ እንደተጋደመች ገብቶ አጠገቧ ቁጭ አለ። እጇን ሊይዛት መስሏት ዘረጋችለት። እሱ የገመዱን ጫፍ አስያዛት።

«ሊበጠስ ሲል ይጮኻል?»

አልጮኸም ነበር። እንደ ሌባ ድምፁን አጥፍቶ ነው የመጣባት።

«አዎ» አለችው፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «በደንብ ነው የሚጮኸው። ዞር ለማለት ጊዜ ይሰጣል።»

«ታዲያ ምን ገትሮ አቆመሽ?»

«ፈዛዛ አይደለሁ?»

ፊቱ በራ። «አላልኩሽም ነበር! ጥፋቱ ያንቺ እንጂ የገመዱ አይደለም።»

ገመዱን እዚያው ቋጠረና ራሱ ሊያዞር ወደ ግቢው ወጣ። እሷም ሕመሟን ዋጥ አድርጋ ጆሮዋን ወደ መስኮቱ መለሰች። ገመዱ እንደማይጮኽ ታውቃለች፤ የምትጠብቀው የእሱን ጩኸት ነው።