ፊበስ ያሏት ፀሐይ

ጋሽ ኑሩ ነስሩን ሲያትል፣ ጃክሰን መንገድ ላይ ካለው ሱቃቸው ጓዳ አስገብተው፣ የሩዝ ጆንያ ላይ አስቀምጠው ነበር የነገሩት።

«አባትህ ወደ አኼራ ሄደዋል። አንተ ወንድ ነህ፣ ቻለው። እህትህ ግን ብቻዋን እንዳትሰማ። እሁድ ማለዳ ሰው ሰብስበን እናረዳታለን። እስከዚያ ከስልክ አርቃት።»

ነስሩ «እሺ» አለ። እንባ አልመጣለትም። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ ቱክዊላ መውረጃውን ማለፉን እንኳ ያወቀው፣ ሹፌሩ መብራቱን አጥፍቶ ዞር ብሎ ሲያየው ነው።

ታላቅ እህቱ ሳቢራ ከመጋዘን ሥራዋ ገብታ ፓስታ ትቀቅላለች። ዕለቱ ሐሙስ ነው። ሳቢራ ደግሞ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቡታጅራ ላለው አባታቸው ሳትደውል አትውልም። ነስሩ ጃኬቱን ሳያወልቅ ማቀዝቀዣው ላይ የነበረውን የስልክ ካርድ አንስቶ ኪሱ ከተተ። እጁ የሌላ ሰው እጅ መሰለው።

«ፈተናህ ነገ ነው አይደል?» አለችው ጀርባዋን እንደሰጠችው።

«አዎ።»

«በል፣ ቁጭ ብለህ አጥናዋ። ጮክ ብለህ አንብብ፣ እንቅልፍ እንዳይጥልህ።»

መጽሐፉን ገለጠ። የእንግሊዝኛ ግጥም ነው፣ ያውም የጥንት። ትንሽ አነበበና ቆመ።

«ምነው?»

«ፊበስ ይላል።»

«ሰው ነው?»

«ፀሐይ ናት። ግሪኮች ለፀሐይ አምላካቸው ያወጡት ስም ነበር። በኋላ የእንግሊዝ ገጣሚዎች ፀሐይ ማለት ሲያንስባቸው ፊበስ ይሉ ጀመር። አሁን ማንም አይልም።»

«ፀሐይ ማለት ምን ነውር አለው?»

«ነውር የለውም። ትልቅ ነገር በደረቁ ሲጠራ ደስ አይላቸውም መሰለኝ።»

«በለኛ፣ እንደኛው ናቸው!» አለች ማማሰያዋን ይዛ። «ይቺ የሲያትል ፊበስህ ግን ስሟን ከምታሳምር ብትወጣ ይሻላት ነበር።»

ሊስቅ አስቦ ከንፈሩ እምቢ አለው።

በማግስቱ ተፈተነ። ስለ ፊበስ ተጠይቆ ገጹን ሞላው፤ ምን እንደጻፈ ግን አያውቅም። ቤት ሲገባ ሳቢራ ከሶላት በኋላ ሻርቧን ሳታነሳ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ካርዱን አየህ ወይ እስክትለው ጠበቀ። አላለችም።

«አልደወልሽም እንዴ?» ከአፉ አመለጠው።

«ሞከርኩ። ኔትወርክ የለም።»

ነስሩ ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሳቢራ ካርዱን አየች፣ ከዚያ እሱን።

«አንተም?»

«ጋሽ ኑሩ ነገሩኝ። ላንቺስ ማን ነገረሽ?»

«እትዬ ሀዋ። ፈተናውን ሳይጨርስ እንዳይሰማ፣ እሁድ እናረዳዋለን አሉኝ።» ካርዱን አገላበጠችው። «ባልና ሚስት አንድ ትራስ ተንተርሰው አይነጋገሩም?»

አልሳቁም። አላለቀሱምም። ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፤ ጎረቤት በር ይዘጋል።

«ሄዱ፣ ዐረፉ ነው ያሉኝ» አለች ሳቢራ። «አንተ በደረቁ በለው እስቲ። እኔ ስሞክር ከጉሮሮዬ አይወጣም።»

«አባባ ሞተ» አለ ነስሩ።

ቃሉን ከተናገረ በኋላ አንድ ነገር ይሰማኛል ብሎ ጠበቀ። ምንም አልተሰማውም። ሳቢራ ግን ራሷን ነቀነቀች፣ የከበዳትን ዕቃ የተቀበሏት ይመስል።

እሁድ ገና ሳይነጋ መኪኖች ደጃፉ ላይ ተደረደሩ። በመስኮት ሲያዩ ጋሽ ኑሩ ከፊት፣ እትዬ ሀዋ ከኋላ፣ አረማመዳቸው የመርዶ ነው። አንዲት ሴትዮ በሁለት እጇ ትልቅ ድስት ተሸክማለች።

«ሰምተናል እንበላቸው?» አለ ነስሩ።

«ተዋቸው» አለች ሳቢራ። «እንዴት እንደሚነግሩን ሲጨነቁ ነው የሰነበቱት። ይንገሩን።»

በሩን ከፈተላቸውና ተመልሶ አጠገቧ ተቀመጠ።