በግራ በኩል ያለው ጭረት

1

ጭረቱ በግራ በኩል ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ያዝልኝ። ይመር አሊ ገና አላየውም።


2 ፦ የሥራ ወረቀት

ደንበኛ፦ ሐዋ እንድሪስ።
ዕቃ፦ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ፤ ጥይት የለውም። ኒኬሉ አፈሙዙና እጀታው አጠገብ አልቆ ብረቱ ወጥቷል።
የሚፈለገው፦ አሮጌው ኒኬል ተፍቆ እንደ አዲስ ይነከር።
የሚደርስበት ቀን፦ ዓርብ (ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል)።
ማስታወሻ፦ «ምንም ምልክት እንዳይቀር» ትላለች።


3

ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ላይ ሳሉ ነው። ይመር ደሴ ከተማ ውስጥ ትሪ፣ የአልጋ ጉልላትና የብስክሌት መሪ ኒኬል የሚነክር፣ ሥራው ንጹሕ፣ ምላሱ ቁጥብ ሰው ነበር። ሐዋ ደግሞ ከጉራ አምባ የግማሽ ቀን መንገድ በእግሯ የመጣች፣ ሽጉጡን በሻርፗ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ያቀፈች ሴት ነች።

ወንድሟ እብሬ በዚህ ሽጉጥ የጎረቤታቸውን ልጅ ሸጋውን ገድሏል። ሁለት ዓመት ሙሉ በአበጋሮች፣ ማለትም ደም በሚያደርቁ ሽማግሌዎች፣ ጥላ ሥር ተሸሽጎ ከርሟል። ቅዳሜ ዋርካው ሥር ሽጉጡ መሬት ላይ ይጋደማል። እብሬ የሆነውን ይናገራል። የሟች እናት እማ ጦይባ «ይሻገር» ካሉ ሽጉጡን ይሻገራል፤ ደሙ ይደርቃል። ዝም ካሉ ሽማግሌዎቹ ምንጣፋቸውን ጠቅልለው ይነሣሉ፤ ከዚያ ወዲያ እብሬን የሚያድነው እግሩ ብቻ ነው።

የሚሻገሩት መሣሪያ ዝገት ይዞ አይቀርብም። ዝገት ንቀት ነው። አጽድቶ ማቅረቡ የገዳይ ወገን ግዴታ ነው። በሐዋ ሐሳብ ጉዳዩ ይኸው ብቻ ነበር፤ በይመርም።


4 ፦ ሽጉጥ ለመፋቅ

«ቢስሚላህ» በል። ከቀኝ ጀምር።* የመፋቂያውን መንኮራኩር በእግርህ እየዘወርህ ቀኝ ጎኑን አስጠጋ፤ አትጫን። ኒኬሉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሲሳሳ፣ ከሥሩ ብረቱ ሲስቅ ታያለህ። ቀኙን ሳትጨርስ ግራውን አትይ።

* ይህን የመከሩት የይመር አባት ናቸው። ምክንያቱን አልነገሩትም፤ እርሱም አልጠየቀም። የሙያ ምክር ግማሹ ምክንያቱ የጠፋ ነው፤ በየአገሩ እንዲሁ ነው።


5

ቀኙ አለቀ። ሽጉጡን ገለበጠው።

መንኮራኩሩ

ቆመ።


6 ፦ ቃል በቃል

ይመር፦ ይህ ምንድን ነው?
ሐዋ፦ የቱ?
ይመር፦ አፈሙዙ አጠገብ። መንታ ጭረት፤ ጎን ለጎን የሄደ።
ሐዋ፦ እሱን ነው እኮ አጥፉልኝ ያልሁዎት፣ ጋሽ ይመር!
ይመር፦ በምን ተጫረ?
ሐዋ፦ እኔ የት አውቄ! ሲታገሉ ይሆናል። እብሬ እንዲያ ነው የሚለው። ሸጋው ሊቀማው እጁን ሰደደ፣ ሲጓተቱ ባረቀ ይላል።
ይመር፦ የእነርሱስ ወገን?
ሐዋ፦ አድፍጦ ከሩቅ ተኮሰበት ነው የሚሉት። ማን አየ? ከሁለቱ በቀር ማንም አልነበረ።
ይመር፦ ሸጋው ቀለበት ያደርግ ነበር?
ሐዋ፦ የብር፣ ዓቂቅ ያለበት። ድንጋዩ ተሸርፎ ሁለት ጥርስ ያወጣ፣ ደግሞ ሰፍቶት ወደ መዳፉ እየዞረ የሚያስቸግረው። ያን ሽርፍ ቀለበት ለኮረዳ ሁሉ ሲያሳይ የሚውል ጉረኛ ነበር… አላህ ይዘንለት። አሁን እናቱ አድርገውታል።
(ከውጭ አንድ ሰው ከአህያው ጋር ይጣላል።)
ይመር፦ ልጄ፣ ወንድምሽ ምስክር የለውም ነው የምትዪኝ?
ሐዋ፦ የለውም።
ይመር፦ ይኸውልሽ፤ እዚህ ተኝቷል።


7 ፦ ይመር የቆጠራቸው መንገዶች

ሀ. ግራውንም መፋቅ። ሽጉጡ ያምራል፤ ምስክሩ ይሞታል።
ለ. ሳይፍቁ መንከር። ኒኬል ጭረት ይሞላል፤ ምስክሩ ዲዳ ይሆናል።
ሐ. ግራውን ጨርቅ እንኳ ሳያስነኩ መተው። ቀኙ መስታወት፣ ግራው ያረጀ ጥርስ። ሽማግሌዎቹ «ምን ልትደብቁ ጀምራችሁ ተዋችሁ?» ቢሉስ?
መ.

(መ ባዶ የሆነው ይመር ስላላገኘው ነው። እኔም ፈልጌለት ነበር።)


8

«ግማሽ ፊቱን የተላጨ ሙሽራ ይዤ ልሂድ?» አለች ሐዋ። «አገር ሊስቅብን ነው!»

«ሙሽራው ነፍሱ ከተረፈች ጢሙ ምን ገዶሽ?»

ሳቀች። ሳቋ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ሽጉጡን አነሣችና ጭረቱን በአውራ ጣቷ ሸፈነችው፤ ከዚያም ወደ መንኮራኩሩ አስጠጋችው።

«ጨርሱልኝ፣ ጋሽ ይመር።»

«ለምን?»


9

ባይገጥምስ?


10

ይህን ሐዋ አላለችውም፤ ይመር ከፊቷ አነበበው። ሁለት ዓመት ሙሉ ወንድሟን አምናለች። ማመን ግን ቀለበት አስጠግቶ እንደ ማየት አይደለም። ጭረቱ ባይገጥም እብሬ በሽማግሌ ፊት ዋሾ ሆኖ ይወጣል፤ ጭረቱ ቢጠፋ ግን «ይሆናል» እያሉ መኖር ይቻላል። ለእርሷ ይቻላል። ለእብሬ ይቻል እንደሆነ ቅዳሜ ያውቃል።

«አብሽሪ» አላት። «አብሬሽ እሄዳለሁ። ቀኙን የፋቅሁት እኔ ነኝ፤ ተጠያቂውም እኔ ነኝ።»

«ሥራውን ሳይጨርሱ? ስምዎ ይጠፋል እኮ!»

«ለአንድ ቅዳሜ ይጥፋ።»

ሐዋ ሻርፗን ዘረጋች፣ ሽጉጡን ጠቀለለችው።

ግራውን ወደ ላይ አድርጋ።


11 ፦ ቅዳሜ

የአበጋሮቹ አለቃ ሼህ አረጋው ሽጉጡን አገላበጡ። «ይህን ምን ነካው?»

«ሊደብቁ ሲሉ ቀን አጠራቸዋ!» ብሎ ጮኸ ከሟች ወገን አንዱ፤ ወንዶቹ ከተቀመጡበት ሊነሡ ቃጡ።

ይመር ቆመ። ከቀኝ እንደ ጀመረ፣ ግራውን ሲያይ እንዳቆመ፣ ለምን እንዳቆመ፣ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። በዕድሜው ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም።

እማ ጦይባ እስኪጨርስ አላቋረጡትም። ከዚያ ቀለበቱን ሊያወልቁ ታገሉ። ጣታቸው አብጦ እምቢ አላቸው፤ በምራቃቸው አርሰው አወጡት። ተንበረከኩ። የዓቂቁን ሽርፍ ጠርዝ ጭረቱ ላይ አሳረፉ።

ሁለቱ ጥርሶች ገቡ።

ቀለበቱን ቀስ ብለው ሳቡት። መንታው መስመር አንዴም ሳይስት ተከተላቸው። ልጃቸው በመጨረሻዋ ደቂቃ እጁ የሄደበትን መንገድ ከዳር እስከ ዳር ሄዱ።

ሐዋ ከሴቶቹ መካከል አፏን በሻርፗ ያዘች። እብሬ ከሽጉጡ ወዲያ፣ ባዶ እግሩን፣ ቆሟል። አልዋሸም።

ሸጋው ግን አሁንም እንደ ሞተ ነው።


12

እማ ጦይባ ቀና አሉ። ቀለበቱን መልሰው አጠለቁ። እብሬን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አዩት። እንዲህም አሉት (ቃሉን ለአንተ ትቼዋለሁ፣ አንባቢ ሆይ)፦

«                                        »