ባለቤት ያጣው ፎልደር

"ልጅቷ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብታለች፣ ሐኪሙ በር ላይ ቆሞ ይጮኽብኛል፤ የደም ውጤቷ ግን አልከፈት አለኝ!" አለች የላቦራቶሪ ባለሙያዋ በስልክ።

ሶፍትዌር ለመጫን እንዲመች አሽጋ የምታቀርበው ፓኬጅ አዘጋጅ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል አጣብቃ ከቢሮዋ ሆና የሆስፒታሉን ሊኑክስ ሰርቨር ከፈተች። ውጤቱ አለ። የተቀመጠበት ፎልደር ግን ከሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ በቀር ማንንም አያስገባም። ዛሬ ጠዋት ሶፍትዌሩን እዚያ ሰርቨር ላይ የጫነችው ራሷ ናት።

"ጋሼ፣ ይሄን ፎልደር የሚፈጥረው ያንተ ፓኬጅ አይደል እንዴ?"

ታላቅ ወንድሟ ከማዶ ጠረጴዛ ቀና አለ። እሷ የላቦራቶሪውን ሶፍትዌር ፓኬጅ ታዘጋጃለች፣ እሱ የራጁን፤ ሁለቱም ፋይላቸውን የሚከቱት እዚያው ፎልደር ውስጥ ነው።

"የኔ? ያንቺ ነው ብዬ ተውኩት እኮ!"

"እኔም ያንተ ነው ብዬ!"

እሱ ለእሷ፣ እሷ ለእሱ ሲተዉት ፎልደሩን የኔ ብሎ ያስመዘገበ ፓኬጅ ጠፋ። ሰርቨሩም ፎልደሩን በራሱ ጥብቅ ደንብ ፈጥሮ ዘጋው። የወንድምና የእህት መተማመን ደግ ነው፤ ሲበዛ ግን እንዲህ ጉድ ያፈላል።

"በይ ለሁሉም ክፈቺውና እንገላገል!"

"የታማሚ ምስጢር እኮ ነው! የፈለገ ገብቶ እንዲያየውና እንዲሰርዘው?"

ለላቦራቶሪውና ለራጁ ፕሮግራሞች ብቻ ፈቀደች። "አሁን ሞክሪው።"

ከስልኩ ማዶ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ የቁልፍ ሰሌዳ ተንኳኳ።

"ተከፈተ! እፎይ፣ ተመስገን!" ስልኩ ተዘጋ።

ወንድሟ ወንበሩ ላይ ተዘረጋ። "ከእንግዲህ አንቺው ያዢው፤ እኔ አልነካካውም።"

"ያንተን ብቻ የሚጭን ቢመጣስ? ሁለታችንም ፓኬጃችን ውስጥ እንጻፈው፤ ባለቤቱም ፈቃዱም አንድ ዓይነት ይሁን።"

እያጉረመረመ ጻፈው። እሷም ጽፋ እንደጨረሰች የደንበኞቹን ዝርዝር ስታይ ክው አለች። ሦስት ክሊኒኮች ትናንት ያንኑ ያልተስተካከለውን ፓኬጅ ተቀብለዋል፤ ሥራ የሚጀምሩበት ደግሞ ዛሬ ከሰዓት ነው።

"ምን ያንቀለቅልሻል?" አለ ወንድሟ። "ማስተካከያው ማታ ከመደበኛው እድሳት ጋር ይላካል፣ ማንም ሳያውቅ ያልፋል። ውላችን የሚታደሰው በዚህ ሳምንት ነው እኮ!"

"እስከ ማታ ስንት ታማሚ ይመጣል?"

እሷ ስልኩን አነሳች። የመጀመሪያውን ክሊኒክ ቁጥር መታች።

"ጤና ይስጥልኝ" አለች፣ ዓይኗን ከወንድሟ ሳትነቅል። "እኛ ነን፤ ስህተት ሠርተናል። ሥራ ሳትጀምሩበት አሁኑኑ እናስተካክለው።"