ከጋራዡ ወለል ስር

"አትንቀሳቀሱ!" ብላ ጮኸች ጥድፌ።

እናቷ በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ወንድሟ መዶሻውን አንሥቶ ወለሉ ላይ የተጋደመውን ብረት መታ። የአሮጌው ጋራዥ ቆርቆሮ ተንቀጫቀጨ። ወለሉ ላይ በመስመር የደረደረቻቸው የንዝረት መስሚያዎች ከመሬት የተመለሰውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተሯ ላኩ።

"አሁን መተንፈስ ይቻላል፣ ጥድፌ?" አለ ወንድሟ። በሰባት ወሯ ስትወለድ አባታቸው ያወጣላት ስም ነው።

"ተንፍስ። ግን ከቦታህ ንቅንቅ እንዳትል።"

ግንበኛው ወንድሟ የብሎኬት ማሽን ገዝቷል። ነገ መጥቶ የሚተከለው እዚሁ፣ አባታቸው እስኪሞት ድረስ መኪና ሲጠግንበት በኖረው ክፍል ነው። ማሽኑ ከባድ ነው፤ ሲሠራም ይንቀጠቀጣል። ወለሉ ካልቻለው ተሰብሮ፣ ስሩ ተቆፍሮ እንደገና መሞላት አለበት። እናቷ ደግሞ ወለሉን ማንም እንዲነካባት አትፈልግም። መሃሉ ላይ፣ አባታቸው በጀርባው ተኝቶ ይሠራ በነበረበት ቦታ፣ የዘይት እድፍ አለ፤ ትከሻው ይታየኛል ትላለች። ጥድፌ የሚታያት እድፍ ብቻ ነው። ቢሆንም ስታልፍ አትረግጠውም።

"ምን ይላል?" አለች እናቷ።

"ቀድሞ የደረሰው ሞገድ መሬቱ ጠንካራ ነው ይላል።"

"አላልኩም? ድሮ ከመኪና ስር ገብቶ የሚሠራበትን ጉድጓድ አባታችሁ ድንጋይ በድንጋይ ነው የሞላው።"

ጥድፌ ወደ ኮምፒውተሩ አጎነበሰች። ከመጀመሪያው ሞገድ ኋላ የተዘበራረቀ ጭራ ይታያል። መሬት በምታጠናበት መሥሪያ ቤት አለቃዋ "ቆሻሻ" ብሎ የሚያስቆርጣት ይኼንን ነው። ግን ሞገድ እንዲህ የሚበታተነው መሬት ውስጥ ከማይመሳሰል ነገር ጋር ሲጋጭ ነው። ወንድሟን ከግድግዳው በኩል አስመታችው፤ ከዚያ ከመስኮቱ በኩል። ጭራው የሚመጣው ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ነው፤ ከእድፉ ስር።

"እውነት በድንጋይ ነው የሞላው?" አለችው ወንድሟን።

ራሱን አከከ። "መጀመሪያ በድንጋይ ነበር። ከዚያ ድንጋዩ አለቀ።"

ያኔ ትዝ አላት። አባታቸው ሸሚዙን አውልቆ፣ ላቡ እየወረደ፣ "ጣሉ! ያገኛችሁትን ጣሉ!" እያለ ይስቅ ነበር። አሮጌ ጎማ፣ የቀለም ቆርቆሮ፣ የተሰበረ ብስክሌት፣ ሁሉም ገባ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ግቢ እንደዚያ መሳቋን አታስታውስም።

"ጎማዎቹን ያንከባለልኩት እኔ ነኝ" አለ ወንድሟ። "የእማዬን አዲሱን ባልዲ ግን አንቺ ነሽ የወረወርሽው።"

"ባልዲዬን?" እናቷ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "ሌባ ወሰደው ብሎ ምሎልኝ የለ እንዴ! አይ ሰውዬው!"

ሦስቱም ሳቁ። እናቷ ግን ቀድማ ወደ እድፉ ዞረች። "እና... ጥቂት ጎማ ምን ያደርጋል? ይችለዋል አይደል?"

ወንድሟ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ። "ጭራውን ቁረጪውና ይችላል በያት። እኔ ማሽኑን ወደ ጥግ አስጠጋዋለሁ።"

ጣቷ ጭራውን በሚቆርጠው ቁልፍ ላይ ነበር። አንዴ ብትጫነው ንጹሕ ሥዕል ይወጣል። እጇን አነሣችና ኮምፒውተሩን ወደ እናቷ አዞረችው።

"አይችለውም፣ እማዬ። እዚህ ጋ በጎማዎቹ መሃል ባዶ ነው። ማሽኑ ከነልጅሽ ይሰምጣል።"

እናቷ የተዘበራረቀውን መስመር እንደ ፎቶ አተኩራ አየችው።

"ማፍረሱን ከየት ነው የምትጀምሩት?"

"ከመሃሉ ነዋ" አለ ወንድሟ። "ባዶው እዚያ አይደል?"

"ከበሩ በኩል ጀምሩ። መሃሉ መጨረሻ ይሁን።"

ግማሽ ቀን በከንቱ የሚያቃጥል ነገር ነው። ወንድሟ፣ ንገሪያት እንጂ በሚል ዓይን አያት።

"ከበሩ" አለችው ጥድፌ።