ከግራ በታች ያለው ጥግ

የእህቴን ባል ወደ ክለቡ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ «ኳስ በኮምፒውተር ይመራል እንዴ?» እያለ ሲያሾፍበት፣ «ግድ የለም፣ ሞክሩት» ብዬ የተሟገትኩለት እኔው ነኝ። ተጫዋቾቹ ወዲያው «ካልኩሌተር» የሚል ስም አወጡለት። ማን ምን ያህል ሮጠ፣ ማን ኳስ አበላሸ፣ የትኛው አጥቂ ከየት መምታት ይወዳል፤ ሁሉን ከቪዲዮ ለቅሞ ያቀርባል። ሚስቱ «ወንድም ጋሼ» ስለምትለኝ እሱም ከአፏ ነጥቆ እንደዚያው ይጠራኝ ነበር። እኔም ሞኙ ደስ ይለኝ ነበር።

በረኛ ነኝ። ትከሻዬን ተጎድቼ ከተመለስኩ ወዲህ ሐኪሙ ድነሃል ብሎኛል፤ እውነቱን ነው። ያልዳነው ሌላ ነው። ኳስ ከግራዬ በታች ወዳለው ጥግ መሬት ለመሬት ስትመጣ ሰውነቴ ለቅጽበት እምቢ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ብወድቅ ምን ዋጋ አለው? ኳሷ መረብ ውስጥ ናት። ይህን ለማንም አልተነፈስኩም። አንድ እሑድ ግን እነሱ ቤት ምሳ በልተን፣ እህቴ ወጥ ቤት ሳህን ስታጥብ፣ ለባሏ ሆዴን ዘርግፌ ነገርኩት።

አልሳቀብኝም። ትንሽ አሰበና «ይሄ የሚፈታው ተከላካዮቹ ጋ ነው፤ ለእኔ ተወው» አለኝ። በሳምንቱ አሰልጣኙን በቁጥር አሳምኖ የተከላካዮቹን አቋቋም አስቀየረው። አጥቂ ኳስ ይዞ ሲመጣ ግራዬን ዘግተው ወደ ቀኜ ይገፉታል፤ በቀኜ ደግሞ ማን ይችለኛል! ስሜ ገነነ። ስለ ፍርሃቴ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም። ከእሱ ጋር እጅና ጓንት ሆንን። የእናቴን ልጅ ለደህና ሰው ሰጠኋት እያልኩ በየሰዉ ፊት እኮራበት ነበር።

ዘንድሮ ግን ጉድ መጣ። ግቦች በዚያችው ጥግ ይገቡብኝ ጀመር። የደጋፊው ጩኸት በጭብጨባ ፋንታ ስድብ ሆነ። ኮንትራቴ የሚያልቀው በዚህ የውድድር ዘመን መጨረሻ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ከዚህ ክለብ ከወጣሁ ሌላ የሚወስደኝ እንደሌለ አውቃለሁ። ካልኩሌተር ደግሞ ከታችኛው ሊግ አንድ ወጣት በረኛ አግኝቻለሁ እያለ ቦርዱን ሲወተውት ከርሟል። ግቦቹ መግባት ከመጀመራቸው በፊት ቦርዱ «ያለን በረኛ ምን ሆነና?» እያለ ሲመልሰው እንደነበር ሰምቻለሁ። ክለብ ተጫዋች ይፈልጋል፣ የእሱም ሥራ ይኸው ነው ብዬ አልተቀየምኩትም።

አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ መልበሻ ክፍል ቁጭ ብለን፣ ግንቡ የምንለው የመሃል ተከላካያችን ከቁርጭምጭሚቱ ላይ ፕላስተር እየላጠ ቀና ብሎ አየኝ።

«ወንድ ነህ ግን አንተ» አለኝ።

«ምን አድርጌ?»

«እኔ ብሆን የምፈራውን ጥግ ክፈቱልኝ ብዬ አልለምንም ነበር። ደፋር ነህ።»

«ማን ነው የለመነው?»

ፕላስተሩን እንደያዘ ቀረ። «ካልኩሌተር ነዋ የነገረን። ግራውን አትዝጉበት፣ ፍርሃቱን ማሸነፍ ስለፈለገ ራሱ ነው የጠየቀኝ አለን። ያፍራልና ለእሱም ለአሰልጣኙም እንዳታነሱ ብሎናል። አልጠየቅክም እንዴ?»

በእኔ ስም፣ የነገርኩትን ምስጢር ይዞ፣ የገዛ ጓደኞቼን በሬን አስከፈታቸው! ምስጢሬን ቀምቶኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እኔ ግን በእጄ ነው የሰጠሁት።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተጠራሁ። አሰልጣኙ አንድ ጥግ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን የግብ ሥዕል ተስሎ፣ ከግራ በታች ቀያይ ነጥቦች ተከምረዋል። ካልኩሌተር ዓይኑን በጨው አጥቦ «ስሜትን ወደ ጎን ትተን አሃዙን እንይ» አለ። እኔን ሳያይ ነው የሚናገረው።

«ቁጥሩን እሱ ነው የፈጠረው» አልኩ። የእሑዱን ወሬ፣ የተከላካዮቹን አቋቋም፣ ግንቡ የነገረኝን፣ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። ካልኩሌተር አንገቱን ደፋ። አሰልጣኙ ስልኩን አስቀመጠ። አሁን ፍርዱን ያገኛል ብዬ ጠበቅሁ።

ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አወለቀ። «እና ያንን ጥግ ትፈራለህ ወይስ አትፈራም?»

«እፈራለሁ» አልኩ። ምን ልበል?

«እንግዲያው ቁጥሩ አልዋሸም። እሱን ለብቻው እናነጋግረዋለን። አዲሱ ልጅ ግን ይመጣል።»

ኮሪደር ላይ ካልኩሌተር ከኋላዬ ሮጦ ደረሰብኝ። «ወንድም ጋሼ፣ ስማኝ። ልጁ ካልተገዛ የምሠራበትን የምልመላ ክፍል ሊዘጉት ነበር። ለቤቴ ብዬ ነው፣ ለእህትህ ብዬ ነው።»

«ሁለተኛ ወንድም ጋሼ እንዳትለኝ» ብዬው ሄድኩ።

መኪናዬን አስነስቼ ወደ እህቴ ቤት ነዳሁ። መንገዱን ሙሉ ሳስብ የነበረው አንድ ነገር ነው፦ ምንም አልነግራትም። ባሏ ምን እንደሠራ ብታውቅ ልቧ ይሰበራል፣ ትዳሯ ይናጋል። ደክሞኝ ራሴ ለቀቅሁ እላታለሁ አልኩ። ፊቴ እንዳያሳጣኝ በመስታወት ፈገግታ ሞከርኩ። የእኔ ማረር ይበቃል፣ እሷን ምን አስነካት?

በሩን ከፈተችና ፊቴን አየች። ገና አፌን ሳልከፍት እንባዋ ቀደመ።

«ነገረህ እንዴ?» አለችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከመጀመሪያው» አለች በሩን እንደያዘች። «ሥራዬን ላጣ ነው ሲለኝ ምን ላድርግ? አንተ መቼም አንድ ቀን ማቆምህ አይቀርም፣ እሱ ግን ገና ጀማሪ ነው። ግባ በናትህ፣ ቁጭ ብለን እንነጋገር።»

ግብ በገባብኝ ቁጥር ማታ ማታ እየደወለች «አይዞህ ወንድም ጋሼ፣ ዕድል ነው» ስትለኝ የከረመችው እሷ ናት። ደጃፉ ላይ ትቻት ወደ መኪናዬ ተመለስኩ።