አግድም አደግ ፎቅ

ፎቅ ተኝቶም ይሠራል ብዬ መጀመሪያ የተናገርሁት እኔ ነኝ። የሞስኮው ሰውዬ ቀድሞሃል ይሉኛል፤ ይቅደም። እኔ ሞስኮን አላውቅ፣ እሱ ቁስቋምን አያውቅ። ለዚህ ሰፈር የነገርሁት ግን እኔ ነኝ፤ ልብስ ሰፊው አላምረው።

የሰፈራችን የነጋዴዎች ማኅበር ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን በታች ካለው ቁልቁለት ላይ የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራ አስቦ ነበር። ረጅም ፎቅ ቁስቋምን ይጋርዳል ተብሎ ተከለከለ። ዝቅ ብሎ ተንጣሎ እንዳይሠራ ደግሞ ቦታው በሱቆቻችን ተይዟል። ሁሉም አንገቱን ሲደፋ፣ ከኪሴ ሁለት የክር ጥቅል አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አቆምሁና የእንጨት ሜትሬን በላያቸው አጋደምሁት።

«ምነው ሽቅብ ሽቅቡን ብቻ ታያላችሁ?» አልሁ። «ፎቁን አስተኙት! በእግር ይቁም፤ እኛ ከሥሩ እንነግዳለን።»

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ክንዱ የመንግሥት ቢሮ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። መነጽሩን አውልቆ አየኝና «አግድም አደግ ሰው ፎቁንም አግድም ያሳድጋል!» አለ።

አዳራሽ ሙሉ ሰው አውካካ። አግድም አደግ አሳዳጊ የበደለው ማለት እንደሆነ ለአማርኛ ሰው አይነገርም። እኔን ያሳደገችኝ እናቴ ናት፣ ብቻዋን። ስድቡ ማን ዘንድ እንደደረሰ ሁሉም ያውቃል፤ እያወቀ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሱሪ ሊያሳጥር የሚመጣው ሁሉ «አግድም አለ?» እያለ ነው የሚገባው።

ዓመታት አለፉ። ባለፈው ጥር የክንዱ ልጅ ሄለን፣ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ንድፍ የምታስተምረው፣ ማኅበሩን ሰብስባ ግድግዳው ላይ ሥዕል አበራች። በቀጫጭን እግሮች ላይ የተጋደመ ፎቅ ነው። የዛሬ መቶ ዓመት አንድ ሰው ለሞስኮ ያሰበው ነው አለች፤ የሚሠራው አጥቶ ወረቀት ላይ ቀረ። ቀጥላ የዛሬዎቹን አሳየች። ቻይና አለ፣ ሲንጋፖር አለ፤ በማማዎች አናት ላይ ሌላ ፎቅ ተጋድሞ ዛፍ በቅሎበታል።

«ያኔ ሕልም የተባለው ነው ዛሬ የቆመው» አለች። «አግድም ሰማይ ጠቀስ ይሉታል።»

መጀመሪያ ያጨበጨበው ማን ይመስላችኋል? ክንዱ!

ከዚያ የእኛን የእንግዳ ማረፊያ ንድፍ አመጣች። ሸጋ ነው፤ አልዋሽም። ሦስት እግር አለው። ሁለቱ ባዶ ቦታ ላይ ያርፋሉ፤ ሦስተኛው የእኔ ሱቅ ደጅ ላይ፤ እግሩን የሚሸከም ዐለት ያለው እዚያ ነው አለች። ብድግ አልሁ።

«ደጄን እሰጣለሁ። ክንዱ ግን ያን ቃል በዚሁ አዳራሽ ያንሣልኝ።»

«የቱን ቃል?» አለ ክንዱ።

«ታውቀዋለህ።»

አትክልት ሻጯ እታገኘሁ ከኋላ ጮኸች፤ «ኧረ ለአንዲት ቃል ብለህ ሥራ አታስቆም! አፍህን ስፋውና ተቀመጥ!»

«እናቴን ነው የሰደበው። ያንቺን ቢሆን ትሰፊው ነበር?»

 አልተቀመጥሁም፤ ስብሰባው ተበተነ።

በሳምንቱ ክንዱ ቄስ ገብረ ኢየሱስን ሽማግሌ አድርጎ ላከብኝ። «ልጄ፣ እዚሁ ቤትህ ይቅር ተባባሉ» አሉኝ።

«አባ፣ መስቀልዎን እሳለማለሁ። የተሰደብሁት ግን አዳራሽ ነው፤ ቤቴ ምን አጠፋ?»

ሄለን አባቷን ወጥራ ያዘችው አሉ። በሚቀጥለው ስብሰባ ቆመ። «ያልሁትን ቃል አንሥቻለሁ» አለ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ።

«የቱን ቃል?» አልሁ እኔ ደግሞ በተራዬ።

ጉሮሮውን ጠረገ። «አግድም አደግ ያልሁህን።»

ሰዉ እንደገና አውካካ! ቄሱ ሳይቀሩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ይቅርታ ጠያቂው ክንዱ ራሱ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ቃሉን ሊያነሣልኝ ተነሥቶ አነሣብኝ። ያልሳቀች ሄለን ብቻ ናት። ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ።

በማግሥቱ የስፌት ማኪናዬን ደጅ አወጣሁና እግሩ ሊተከል ከታሰበው ቦታ ላይ ገተርሁት። ፀሐይም ይሁን ነፋስ፣ እዚያው ነው የምሰፋው። ረፋዱ ላይ ክንዱ ከዘራውን እየመታ መጣ።

«ምነው አላምረው፣ ይቅርታ አልጠየቅሁህም? የልጄን ፎቅ ልታስቀረው ነው?»

«ልጅህ የተማረች ናት፤ ከእሷ ጠብ የለኝም። እዚህ ሰፈር ፎቅ ያጋደምሁት ግን እኔ ነኝ። የራሴን ሐሳብ ባዘገየው አንተን ምን አገባህ? ሰዎችህ ይቅርታህን ሳይስቁ መስማት የለመዱ ቀን ጥራኝ፤ ማኪናዬን ራሴ ተሸክሜ አነሣለሁ።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ ሱሪ አለብኝ» አልሁትና ፔዳሉን ረገጥሁ። ሌላ ቃል እየፈለገ ቆመ፤ ቀና አላልሁለትም።