በጠፍር የታሰረ ባሌስትራ

የኸሊል የጭነት ማኪና ወደ ጎንደር አራዳ ሲመጣ ቀድሞ የሚሰማው ሞተሩ አልነበረም፤ ከግራ የፊት ጎማው በኩል የሚወጣው «ቋ» የሚል ድምፅ ነው። ሰው ሁሉ መካኒክ ነውና ሁሉም የመሰለውን ተናገረ። አንዱ መሪው ነው አለ፣ ሌላው ጎማው ነው አለ፣ የምቀኛ ዓይን ነው ያለም አልጠፋ። ማሩ ግን እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ያንገሸግሸዋል። በጣሊያኖች ጋራዥ ዕቃ አጣቢ ሆኖ ገብቶ፣ እነሱ ተሸንፈው ሲሄዱ መካኒክ ሆኖ የቀረ ሰው ነው። ያላየውን አያምንም፣ ያየውንም አይደብቅም፤ በዚህ ጠባዩ ብዙ ደንበኛ አስቀይሟል።

ኸሊልን አስነዳውና የማኪናው መወጣጫ ደረጃ ላይ ቆሞ አዳመጠ። ጉድጓድ ውስጥ ሲገቡ ማኪናው ዝም። መሪው ሲጠመዘዝ ዝም። ፍሬን ሲያዝ ግን «ቋ!»

«አያ ኸሊል፣ ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚጮህ ከሆነ የሚንሸራተት ነገር አለ ማለት ነው» አለ ማሩ።

ከሥር ገብቶ ጭቃውን ፈቀፈቀና ዘንግ ብረት አስገብቶ ወዘወዘው። እውነትም የማኪናውን ሸክም የሚችለውን ተደራራቢ ብረት፣ ባሌስትራውን፣ ከጎማዎቹ አግዳሚ ብረት ጋር አቅፎ የሚይዘው ቅንፍ ተበጥሷል። እንዲህ ሆኖ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ቢያዝ ጎማው ወደ ኋላ ሸሽቶ መሪው አልታዘዝ ይላል።

«መለወጫው ከአስመራ ነው የሚመጣው። እስከዚያ ድረስ ይህ ማኪና ከዚህ ንቅንቅ አይልም» አለ። ኸሊልም እያጉረመረመ ወደ ሱቁ ሄደ።

በማግስቱ ጧት ኸሊል ጥምጥሙ ተፈትቶ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ እየሮጠ መጣ። አዲ አርቃይ የተዳረችው ልጁ ራቢዓ ምጥ ላይ ናት፤ ፅንሱ በሆዷ ተጋድሟል፤ አዋላጆቹ እጅ ሰጥተዋል የሚል ስልክ ተደውሎለታል። ጎንደር ሐኪም ቤት ካልደረሰች አትተርፍም። ሌላ ማኪና ፍለጋ አራዳን ዞሮ ነበር፤ ያሉት ሁሉ መንገድ ወጥተዋል።

«ማሩ፣ በአላህ ይዤሃለሁ። እንደምንም አድርገህ አስነሣልኝ።»

የሚበየድበት ጋዝ ካለቀ ሰንብቷል። ማሩ ራሱን ይዞ ቆመ። ያን ጊዜ ትዝ ያለው ከጣሊያን የተማረው ሳይሆን የአባቱ ሞፈር ነው። ደጋ ላይ ያደገ ሰው የተሰበረ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ ጠፍር መሆኑን ያውቃል፤ ሞፈር ቢሰነጠቅ ጠፍር፣ አልጋ ቢላላ ጠፍር። የበሬ ቆዳ እርጥብ ሆኖ ታስሮ ሲደርቅ እየተኮማተረ ይነክሳል፤ ብረት አይስተካከለውም። ከቆዳ ነጋዴ ጠፍር አስቆረጠ። በእግሩ እየረገጠና እየሳበ ባሌስትራውን ከአግዳሚው ጋር ደራርቦ ጠፈረው፤ የወይራ ሽብልቅ መታበት፤ ከሰል አቀጣጥሎ ከሥሩ አስጠጋና እስኪደርቅ ጠበቀ።

ሰማዩን ቀና ብሎ አየ። ኅዳር ነው፤ ደመና የለም። «ዝናብ ካልነካው ደርሶ ይመልሰናል። እኔም አብሬህ እሄዳለሁ» አለ።

ሲሞክሩት ድምፁ ጠፍቷል። ኸሊል መሪው ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ አለ ይባላል፤ ያ ዝምታ እንደዚያ ነበር።

ዳባትን አለፉ፣ ደባርቅን አለፉ፣ የሊማሊሞን ቁልቁለት ጀመሩ። ኸሊል ልቡ አዲ አርቃይ ስለነበር ማኪናውን ይለቀውና በየመታጠፊያው ፍሬን ላይ ይቆማል። አጋማሽ ላይ የፊት ጎማዎቹ ይጨሱ ጀመር። አቆመ። ማሩ ወርዶ የኋላውን ጎማ ድንጋይ ሲያስደግፍ፣ ኸሊል የውሃውን ጀሪካን አወረደና ሊማሊሞን የሚወርድ ሾፌር ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ፤ በሚጨሱት ጎማዎች ላይ ውሃውን ቸለሰባቸው። እንፋሎቱ ፏ ብሎ ወጣ።

«ጎሽ፣ ደኅና አድርገህ አቀዝቅዘው» አለ ማሩ ከኋላ ሆኖ። በዚያች ሰዓት የሚያስበው ስለ ፍሬኑ ብቻ ነበር።

ጥቂት ወርደው ኸሊል ፍሬን ሲይዝ «ቋ!» አለ። ማሩ ጮኸ።

«ወደ ተራራው! ወደ ተራራው አስጠጋው!»

ማኪናው ገደሉን ትቶ የተራራውን ወገብ እየፋቀ ሄዶ ድንጋይ ላይ ተሰክቶ ቆመ። ማሩ ከሥር ገባ። ጠፍሩ እንደ ታጠበ ጨጓራ ለስልሶ፣ ውሃ እያንጠባጠበ ተንጠልጥሏል። ዝናብን የፈራ ሰው ጀሪካኑን ረሳ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። ከሥር ሲወጣ ኸሊል ዱላውን ይዞ ቁልቁል በእግሩ መውረድ ጀምሯል፤ ማሩም ተከተለው። የሚያሳፍራቸው ማኪና ሳያገኙ ሲሄዱ አድረው፣ በማግስቱ ረፋዱ ላይ አዲ አርቃይ ደረሱ።

ወንዶቹ ከመቃብር ሲመለሱ አገኟቸው። ራቢዓ ከነልጇ ሌሊቱን አርፋለች። ባሏ እንደነገራቸው እስከ መጨረሻው ድረስ «ዝም በሉ፣ የአባቴ ማኪና መጣ» ትል ነበር።

ኸሊል ለቅሶ ቤቱ ደጅ ተቀመጠ። ሰው ሲያስተዛዝነው አይሰማም፤ እጆቹን ብቻ እያገላበጠ ያያል። ቆይቶ ማሩን ጠራው።

«አንተ አትዋሽም፤ እውነቱን ንገረኝ። ያ ጠፍር ምነው ለቀቀ? ውሃው ነው? እኔ ያፈሰስሁት ውሃ ነው?»

እውነቱ አጭር ነበር። ግን ይህ ሰው ያን እውነት ይዞ እንዴት አድርጎ ይኖራል? ጎንደር ላይ ለምትጠብቀው ለራቢዓ እናትስ ምን ብሎ ይነግራታል?

«ውሃ ምን አቅም አለው አያ ኸሊል» አለ። «እኔ ነኝ። ቸኩዬ ሳላጠብቀው ቀረሁ።»

ኸሊል እጆቹን ማየት ተወና እሱን አየው። «ልጄን ገደልህብኝ» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ነገር ግን ለቀስተኛው ሁሉ ሰማ።

«አዎ» አለ ማሩ።

ጋቢውን አንሥቶ ተነሣ። ሰው መንገድ ለቀቀለት። በቁር ሌሊት ሲጓዝ ላደረ እንግዳ ውሃ እንኳ ቅመስ ያለው አልነበረም።